ከሙሉው ድምፅ የተረፈው

ባሌ ዘፈን ጫኝ ነው። ሰው ስልኩን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና "ምን ይሁንልህ? የድሮ ነው የአሁን? የሚያስጨፍር ነው የሚያስለቅስ?" ይላል። ለአፉ ዳገት የለውም። ሱቁ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ አንገቱን እያሰገገ ነው የሚያዘው። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ስንቱን እንዳስጨፈረና ስንቱን እንዳስለቀሰ እሱም አያውቀው።

አባቱ ደግሞ ድምፅ ቀራጭ ነበሩ። እኔም እንደ ልጃቸው አባባ ነው የምላቸው፤ የሙያ ባልደረቦቻቸው ግን "ጆሮ" ብለው ነው የሚጠሯቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ሁሉም "በቃ አሪፍ ሆኗል" ብሎ ኮቱን ሲያነሳ፣ እሳቸው ብቻ "ጊታሩ ላይ አንዷ ክር ረግባለች፤ እንደገና" ይሉ ነበር አሉ። በዚህ ጠባያቸው የተመረቁትን ያህል ተረግመዋል።

አባትና ልጅ የሚጣሉት በመጠን ነው። አባባ ዘፈን ሲቀርጹ ሙሉውን ነው የሚይዙት፤ ምንም ሳይጣል፣ ምንም ሳይጨመቅ። እንዲህ ያለው ፋይል ግዙፍ ነው፣ ቦታ ይበላል። የባሌ ኑሮ ደግሞ ያንኑ ዘፈን ጨምቆ አንድ አስረኛ ማድረግ ነው፤ አለዚያማ በአንዲት ፍላሽ ያ ሁሉ ዘፈን ከየት ይመጣል? ራት ላይ ይጀምሩታል።

"የሚጣለው እኮ ሰው የማይሰማው ነው አባዬ። ፕሮግራሙ መርጦ ነው የሚጥለው።"

"ማንን ጠይቆ?"

"ተጠንቶ ነዋ!"

"ያጠናው ሰውዬ ይምጣና እኔ አጠገብ ይቀመጥ።"

"እንግዲህ ሁለታችሁም ዝም ብትሉ ቢያንስ ሬዲዮኑ ይሰማ ነበር" እላለሁ እኔ። ይስቃሉ፤ ጭቅጭቁም እስከሚቀጥለው ራት ያርፋል። ባሌ ግን ውስጥ ውስጡን ያሸነፈ ይመስለው ነበር። ደንበኞቹ አንድም ቀን "ድምፁ ጎደለ" ብለውት አያውቁማ።

የባሌን እናት አላገኘኋቸውም። እኔ ወደዚህ ቤት ሳልመጣ ነው ያረፉት። በጉብዝናቸው ጊዜ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ይዘፍኑ ነበር፤ የሰማቸው ሁሉ ያደንቃቸዋል፣ ስማቸው ግን ከሆቴሉ በር አልወጣም። አልበም ይወጣል ሲባል ልጅ ተወለደ፣ ደግሞ ይወጣል ሲባል አሳታሚው ቃሉን አጠፈ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ዕድሜ ሄደ። አባባ ግን ቤት ውስጥ ይቀርጿቸው ነበር። የጓሮውን ክፍል ግድግዳ ፍራሽ አልብሰው፣ ከሆቴሉ ባንድ ጊታር ተጫዋቹንና ድራም መቺውን እየለመኑ ያመጡና፣ ባገኙት ቀን ሁሉ አንድ አንድ ዘፈን ይይዛሉ።

አባባ ሲቀርጹ አንድ ደንብ ነበራቸው። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ማሽኑን አያቆሙትም፤ ባዶውን ክፍል ይቀርጻሉ። "ክፍልም ድምፅ አለው፤ እሱን ካልያዝሽው ዘፋኟ የት እንደቆመች በምን ይታወቃል?" ብለውኛል አንድ ጊዜ። እኔ እማማን የማውቃቸው እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ዘፈኑ ያልቃል፣ ወንበር ሲጥ ይላል፣ ብርጭቆ ይነሳል፤ ከዚያ ከሩቅ፣ በሹክሹክታ፣ "አለቀ? ልናገር?" ይላሉ። አባባ ገና እጃቸውን አንስተው "ቆይ" እያሏቸው ይመስለኛል፤ እማማ ሳቃቸውን አፍነው አፍነው መጨረሻ ላይ ያመልጣቸዋል። ያቺን ሳቅ እወዳት ነበር። በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ባሌን አብረን የምናማ ጓደኛሞች እንሆን ነበር።

ይህንን የሰማሁት አባባ አጠገባቸው አስቀምጠው ስላሰሙኝ ነው። ጆሯቸው እየደከመ ሄደ። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋባቸው፣ ቀጥሎ የሴት ድምፅ። "ጆሮ ደነቆረ" እየተባለ በየስቱዲዮው ሲወራ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። እኔ ግን ጠጋ እያሉ ሲጠሩኝ ነገሩ ገብቶኛል። አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ለእኔ፣ አንዱን ለራሳቸው ያደርጉና "እዚህ ጋ ምን አለች? ትንፋሿ ይሰማል?" ይላሉ። ይሰማል እላቸዋለሁ። ፊታቸው ይፈታል።

እነዚያ ዘፈኖች ሁሉ ያሉት አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ቀን ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። አባባ ድምፁን ባይሰሙትም በእጃቸው ሲነኩት ታወቃቸው፤ በፎጣ ጠቅልለው ለልጃቸው ሰጡት።

"ሳይሞትብኝ ወደ ሌላ ገልብጥልኝ። እንዳለ።"

"ቀላል ነው አባዬ" አለ ባሌ።

ለእሱማ ቀላል ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሁልጊዜ የሚሠራበት አንድ አካሄድ አለው። ዘፈኖቹ በአንድ በኩል ይገባሉ፣ በሌላ በኩል ተጨምቀው ይወጣሉ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለውን ጸጥታም ይቆርጠዋል፤ ተሳፋሪ ቁልፉን እንደነካ ዘፈኑ ካልጀመረለት ይሳደባላ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ፣ ጨምቆ ሲጨርስ ዋናውን ፋይል ራሱ ያጠፋዋል። እንዲህ አድርጎ ያዘጋጀው ባሌ ነው፤ ከጊዜ ብዛት እንዲህ መዘጋጀቱን ራሱ ረስቶታል። የእናቱን ዘፈኖች እንደ ማንኛውም ደንበኛ ዕቃ ከተተና፣ በር ላይ ቆሞ ከሚጨቃጨቀው ሾፌር ጋር ወሬውን ቀጠለ።

ሲያልቅ አየው። ዲስኩ ላይ ዋናዎቹ የሉም። እዚህ ላይ ቢያቆም፣ ዲስኩን ነቅሎ ወደሚያውቅ ሰው ቢሮጥ፣ ምናልባት የሚመለስ ነገር ይኖር ነበር። ግን አልደነገጠም። የተጨመቁትን ከፍቶ ሰማቸው፤ እናቱ ይዘፍናሉ፣ ምንም አልጎደለም። እንዲያውም ደስ አለው። ያ ሁሉ ዘፈን ጥፍር በምታክል ፍላሽ ገባ! አሮጌው ዲስክ ትንሽ ዕድሜ ካለው ብሎ ለደንበኞች የሚሆን ፊልም ሞላበት፤ ሳምንት ሳይቆይ ዲስኩም ሞተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ፍላሿን ለአባቱ ሲሰጣቸው ስመው ሸሚዛቸው ኪስ ከተቷት።

"ሙሉው ይሄ ውስጥ ገባ?" አሉት ተገርመው።

"ቴክኖሎጂ ነው አባዬ።"

"ዲስኩስ?"

"ሱቅ ነው፣ ደህና ነው።"

ከእነዚህ ሁለት መልሶች የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። ወጣት ሳለች አባባ ሥራ ያስተማሯት ናት፤ አሁን ያልታተሙ የድሮ ዘፋኞችን ሥራ ፈልጎ በአልበም የሚያወጣ አንድ ድርጅት ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ሆናለች። ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ፣ አባባን ጉንጭና ጉንጫቸውን ስማ፣ የመጣችበትን በቀጥታ ተናገረች፤ የእማማን ዘፈኖች ማሳተም ይፈልጋሉ።

አባባ የሰሙ አልመሰላትም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

"ሰምቻለሁ" አሉ። "አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ። እስቲ ደግሞ በይው።"

ሳቀችና ሦስተኛ ጊዜ አለችው። ቀጥላም "ከእርስዎ የምፈልገው ዋናዎቹን ፋይሎች ብቻ ነው ጋሼ። የተጨመቀ አንቀበልም፣ የድርጅቱ ደንብ ነው። ይህንን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ቢሆንም" አለች።

"ለእኔ!" ብለው ጭናቸውን መቱ። "ልጄ ጋ ነው፣ እንዳለ ነው!"

ባሌ ኩባያ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር። ክው አለ። ፊቱን ሳይ ነገሩ ሁሉ ገባኝ፤ ሚስት ለመሆን ሌላ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?

ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሁሉንም ዘረዘረልኝ። ሲጨርስ የያዝኩትን ማንኪያ ልወረውርበት ነበር። "ዓመት ሙሉ ራት ላይ የሚነግሩህ ምን ነበር? ለደንቆሮ ነው የሚያወሩት?" አልኩት፤ ከዚያ ቃሉ ራሴን ጠዘጠዘኝ።

"እመልሰዋለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"ፕሮግራሙ በግልባጩም ይሠራል። ከተጨመቀው ወደ ትልቁ። መጠኑ እንደ ድሮው ይሆናል፣ ስሙም እንደ ድሮው።"

"የተጣለውስ? ይመለሳል?"

የፈሰሰ ውሃ እንደማይታፈስ እሱም ያውቃል። ከዚያ ያቺን ነገር ተናገረ፤ "አባዬ እንደሆነ አይሰማውም። ጆሮው..." አለና ቆመ። ሚስቱ ሆኜ ስኖር ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ፤ ይህችን ግን እስካሁን አልቻልኩም።

"ሂድና ንገራቸው" አልኩት።

"ነገ" አለ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። ነገ ሲመጣ አባባ ጸጉራቸውን ሊቆረጡ ሄዱ። በማግስቱ ኮታቸውን ራሳቸው ተኮሱ፣ ክንዱ ላይ ትንሽ አሳረሩት፣ በዚያም ሳቁ። ጓደኞቻቸው ዘንድ እየደወሉ፣ እንደማይሰማ ሰው እየጮኹ፣ "አልበሟ ሊወጣ ነው! አዎ፣ የእሷ!" ይላሉ። እኔም አንጀቴ አልችል አለኝ፤ "ባሌ ይንገራቸው እንጂ የእኔ ነገር አይደለም" እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

ስቱዲዮ የሄድነው ሦስታችን ነን። ንጹሕ፣ ምንጣፍ የለበሰ፣ የራስን ልብ የሚያሰማ ክፍል። ባለሙያዋ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል ያለውን የራሷን ወንበር ለአባባ ለቀቀችላቸው። ባሌ አስመስሎ ያተለቃቸውን ፋይሎች ሰጣት፤ አንዱን ከፈተችው።

እማማ ዘፈኑ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ፣ ፈገግ አሉ። ምንም አልጎደለባቸውም። የባሌ ግምት ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑ ነው አንጀቴን የበላው።

ሴትዮዋ ግን ፊቷ ጠቆረ። ዘፈኑን ሳታቆም የድምፁን ምስል ስክሪኑ ላይ አወጣች። ወፍራሙ ድምፅ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ፣ ሁሉም በየቀለሙ ይታያል። ከላይ በኩል ግን አንድ ቦታ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ጥቁር ነው።

"ጋሼ" አለች ቀስ ብላ። አልሰሟትም። ትከሻቸውን ነካቻቸው። "ጋሼ፣ ይሄ ተጨምቆ የነበረ ነው። ላይኛው ሁሉ የለም።"

አባባ ዓይናቸውን ገለጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ብዙ አዩት። ከዚያ መጨረሻውን እንድታሳያቸው በእጃቸው ምልክት ሰጧት። የዘፈኑ መስመር የመጨረሻው ቃል ላይ ደረሰና እዚያው ተቆረጠ። ከእሱ በኋላ ምንም የለም።

"ክፍሉስ?" አሉ።

ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። ያ ወሬ የማያልቅበት ሰው ምንጣፉን ምንጣፉን ያያል። አባባ ሲያዩት ቆዩና ወደ ሴትዮዋ ተመለሱ።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ቦታ ጠበበኝና ጨመቅኩት። ዋናውን አጠፋሁት። ከዚያ ደግሞ አፍሬ አስመስዬ አተለቅሁት።"

"እርስዎ?" አለች። ከመጮህ የባሰ ነበር አባባሏ። "እርስዎ? እኛን አንዲት ፋይል ስላጠፋን ከስቱዲዮ አባረውን የለም እንዴ?"

"አርጅቻለሁ ልጄ። ጆሮዬም ሄዷል።"

ይህንን ለማንም ብለው አያውቁም፤ ለእኔም እንኳ። ባሌ "አባዬ፣ እኔ..." ብሎ ሲነሳ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው አስቀመጡት። ሴትዮዋ ወጥታ ከአለቃዋ ጋር ተማክራ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሌላ ቅጂ ከሌለ ይወጣል፤ ግን ሽፋኑ ጀርባ ላይ "ከተጨመቀ ቅጂ የተወሰደ" ተብሎ መጻፍ አለበት አለች።

"ከምትቀር ትውጣ" አሉ አባባ።

"ቀራጩስ? ስምዎን... ባይገባም ይቻላል።"

"ሌላ ማን ቀረጻት? ጻፊው።"

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ባሌ ፊታቸው ተቀመጠና "ለምን አባዬ? ለምን?" አላቸው።

"አንተ ሱቅ ያለህ ሰው ነህ። ሰው ያለውን አምኖ ይሰጥሃል። እኔ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ስም ምን ያደርግልኛል?" አሉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ስም ምን እንደሚያደርግላቸው ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

ወሬው ፈጥኖ ተዛመተ። ባሌ የሰማው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፤ አንድ ጊታር ተጫዋች ስልኩን እያስጫነ "ጆሮ ጉድ ሆነ፣ የገዛ ሚስቱን ዘፈን አበላሸ አሉ" አለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ። ባሌ ስልኩን ነቅሎ መለሰለት።

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ጆሮ አባቴ ናቸው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው" አለው።

ሰውየው ደነገጠ፣ አየው፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አልፎ አቀፈው። "ልጅ ማለት እንዲህ ነው! አባቱን የሚሸፍን!" አለ። ባሌ ማለ፣ ተገዘተ፤ በማለ ቁጥር ሰውየው የበለጠ ወደደው። ለሴትዮዋም ስቱዲዮ ድረስ ሄዶ ነገራት። እሷም "አባትህን እንደምትወድ አውቃለሁ" አለችው። እውነቱ እጁ ላይ ቀረ፤ የሚቀበለው አጣ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ጊዜ ሳይደርስ እየዘጋ አባቱ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር። "አስተምረኝ" አላቸው። አባባ ሌሎች ሰዎች የቀረጿቸውን ሙሉ ፋይሎች ያወጣሉ፣ ያንኑ ተጨምቆ ያስከትሉለታል፣ "ልዩነቱ የት ነው?" ይሉታል። መጀመሪያ አልለየም። በግምት ይመልሳል፣ ይሳሳታል፤ አባባ እንደ ድሮ ተማሪዎቻቸው ይሰድቡታል፣ ሰምተው ሳይሆን የትኛውን እንደከፈቱ ስለሚያውቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ባሌ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ "ሲምባሉ፣ የድራሙ ሳህን" አለ፤ "ይሄኛው ላይ ሲምባሉ ቀስ እያለ ይከስማል፣ ያኛው ላይ ግን ቱስ ብሎ ነው የሚቀረው።" አባባ በደስታ ጀርባውን መቱት። ባሌ አልሳቀም። ሱቁ ሲመለስ የሚጭነው ዘፈን ሁሉ አስጠላው፤ ሥራ ነውና ይጭናል።

አልበሙ ወጣ። ሴትዮዋ ራሷ አመጣችው። ሽፋኑ ላይ እማማ በወጣትነታቸው ሆቴሉ መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ጀርባው ላይ በደቃቁ ያቺ ዓረፍተ ነገር አለች፣ ከሥሯ የአባባ ስም። አባባ ሽፋኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በእጃቸው እየዳበሱ፣ ልጃቸውን "ክፈተው" አሉት።

እማማ መዝፈን ጀመሩ። ጎረቤት ሰምቶ በር ላይ መጣ፣ "እንዴት ያለ ድምፅ ነው!" አለ፣ ሴትዮዋም እንባዋን ጠረገች። አባባ ስፒከሩን ትክ ብለው ያዩታል። ምን ያህሉ እንደሚደርሳቸው አላውቅም።

"እንዴት ነው?" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "አንተ ንገረኝ። እንዳትዋሸኝ።"

ባሌ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እንዲሰሙት አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠጋ።

"'ሰ' ስትል ያፏጫል" አለ። "ሲምባሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ትንፋሽ ስትወስድ ትንፋሹ የለም፣ ዝም ብላ ነው የምትቀጥለው።"

"ሌላስ?"

"ጊታሩ ከእሷ ጋር ተጣብቋል። የት እንደቆመ አይታወቅም።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እያንዳንዱን ጥፋት አንድ በአንድ እያረጋገጡ ይመስል ነበር። "ልክ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው" አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ያን የጓሮ ክፍል አስታወሱ መሰለኝ። "ሙሉው ላይስ? ሙሉው ላይ ጊታሩ የት ነበር?"

እኔ አውቀዋለሁ። ከእማማ በስተግራ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ነበር። ግን የተጠየቅሁት እኔ አይደለሁም።

ባሌ ግንባሩን የአባቱ ጉልበት ላይ ደፋ።

"አላውቅም አባዬ" አለ። "ሙሉውን አንድም ቀን ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም።"

ጎረቤታችን ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ቀስ ብሎ ወጣ። አባባ እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አደረጉ። ከዚያ ዘፈኑን ከመጀመሪያው መለሱት።